ተነቅሎ እስኪተካ

ሰው ሁሉ ስለ ራሱ በሚጽፍበት በዚህ ዘመን እኔ ስለ ራሴ ጽፌ አላውቅም። ዛሬም የምጽፈው ስለ አንድ ማሽን ነው፤ ነገር ግን ማሽኑን ተከትሎ እኔው ስለምመጣ፣ ጥቂት ስለ ራሴ ሳልናገር ማለፍ አልተቻለኝም። አንባብያን ሆይ፣ ንግግሬ ቢያጥርባችሁ ታገሡኝ። እንዳይረዝምባችሁ ግን አትስጉ፤ በዚያ በኩል ታምቼ አላውቅም።

ትውልዴ ዳባት ነው። ልጅነቴን ደረስጌ ዜማና አቋቋም ስማር አሳለፍሁ፤ ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ዞሬ፣ የኮምፒውተር ሆድ እንዴት እንደሚሠራ ሳጠና አረጀሁ። ሆዱን ነው የምላችሁ፤ ሰው የሚያየውን ፊቱን አይደለም። አዲስ አበባ እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት አንድ ነገር ሳስጠነቅቅ «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ወደፊት እናየዋለን» ይባላል፤ ያስጠነቀቅሁት በደረሰ ጊዜ ግን መናገሬን የሚያስታውስ አይገኝም። ይህ ሲደጋገምብኝ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ አንድ ጊዜ እናገራለሁ፤ አልደግምም። ጡረታ ወጥቼ ደባርቅ ቤት ስከራይ ሕጉን ይዤው መጣሁ። የከተማው ሰው «የኔታ» ይለኛል፤ እኩሌታው ከአክብሮት፣ እኩሌታው ከሹፈት ነው።

በከተማው ያለ አንድ የጤና ኮሌጅ በአማካሪነት ቀጥሮኝ ነበር። ስሜ በር ላይ ተለጥፏል፤ ሲያማክሩኝ ግን አላየሁም። በዚያ ዓመት ኮሌጁ ለመውጫ ፈተና ማዕከል ሆኖ ተመረጠ። ፈተናው ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ከዞረ ወዲህ፣ ተማሪው ምንም ያህል ቢያውቅ ማሽኑ ካልታዘዘለት አይመረቅም። ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰርቨር ተጭኖ መጣ፤ ከእሱም ጋር ናሆም የሚባል መሐንዲስ መጣ። ናሆም ሠላሳውን የተሻገረ፣ ቀልድ የሚያውቅ፣ ብርድ ግን ጨርሶ የማይችል ሰው ነው። ነፋሱ በተነሣ ቁጥር «ጋሼ፣ እዚህ አገር ሰው እንዴት ነው የሚኖረው?» ይለኛል። «እየቀዘቀዘው» እለዋለሁ። ወጋችን እዚያ ላይ ያበቃ ነበር።

እኔ በምኖርበት ግቢ፣ ከደጄ ፊት ለፊት ባለችው ክፍል፣ ትርንጎ የምትባል የኮሌጁ ተማሪ ትኖር ነበር። አገሯ ከደረስጌ ብዙ የማይርቅ መንደር ሲሆን የምትማረው አዋላጅነት ነው፤ ጡት ያልተወች ሕፃን አለቻት። ባለፈው ዙር ፈተናው ሌላ ከተማ ስለነበረ፣ መንገድ ተዘግቶባት ሳትፈተን ቀርታለች። በመንደሯ ያለው ጤና ጣቢያ አዋላጅ አጥቶ ቦታውን ይዞ ሲጠብቃት ቆይቷል፤ በዚህ ዙርም ካለፋት ግን ለሌላ እንደሚሰጠው ነግሯታል። ስለዚህ ፈተናው ደባርቅ ይሰጣል የሚለውን ወሬ የሰማች ዕለት ግቢውን በእልልታ ሞላችው።

የመጀመሪያው ሙከራ ማለዳ ላይ ተደረገ። ተፈታኞቹ አዳራሹን ሞልተው፣ በጃኬታቸው ላይ ነጠላ ደርበው፣ ጣታቸውን በትንፋሻቸው እያሞቁ ተቀምጠዋል። «ግቡ» ሲባሉ ሁሉም ባንድ ላይ የይለፍ ቃላቸውን አስገቡ። ስክሪኑ በራ፤ ጥያቄው መጣ፤ ከወደ ኋላ አንዱ «ሠራ!» ብሎ ጮኸ። ቃሉ ከአፉ ሳይወርድ ስክሪኖቹ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ደረቁ።

«መብራቱ ነው!» አሉ የኮሌጁ ዲን አቶ ሞላ፣ ከመድረኩ ላይ ሆነው። «ጀኔሬተሩን አስነሡት!»

«መብራት አልጠፋም፣ አቶ ሞላ» አለ ናሆም።

«ታዲያ ምንድን ነው የጠፋው?»

«እሱን እኔም እየፈለግሁ ነው።»

በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ማሽኑ ሲወድቅ ትቶት የሄደውን መልእክት በናሆም ትከሻ ላይ አሻግሬ አነበብሁት፤ ነገሩም ወዲያው ተገለጠልኝ።

«ካርታው ነው» አልሁ። «የሜሞሪው ካርታ። ሲለወጥ በመካከሉ ባዶ ይሆናል።»

አቶ ሞላ ራሳቸውን በትሕትና ነቀነቁ። «እናመሰግናለን፣ የኔታ። በኋላ እንመለስበታለን።»

ሕጌ ነውና አልደገምሁም።

ያን ቀን እስከ ማታ ያየሁትን እንዲህ ነበር ብዬ መተረክ ዛሬም ያንገበግበኛል። መጀመሪያ ጥፋቱ የኬብሉ ነው ተባለ፤ ኬብሉ ተቀየረ። ማሽኑ ትንሽ ሠርቶ ሞተ። ቀጥሎ የጀኔሬተሩ ነው ተባለ፤ ከሌላ ቦታ አዲስ ጀኔሬተር በሸክም ገባ። ማሽኑ ሠራ፤ አቶ ሞላም «አላልሁም?» ብለው ዙሪያቸውን ቃኙ፤ ቃኝተው ሳይጨርሱ ሞተ። የዚህ ዓይነቱ በሽታ ክፋቱ ይህ ነው፤ ሐኪም ሲመጣ ይደበቃል፣ ሐኪም ሲወጣ ይነሣል። ደግሞ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይነካካል። አንዱ ኬብል ሲነቅል ሌላው ማሽኑን ያስነሣል፤ ናሆም አንዱን መርምሮ ሳይጨርስ ሦስተኛው መጥቶ ያጠፋበታል።

ፈተናውን ሊያስፈጽሙ የመጡት ተቆጣጣሪ ንግግራቸው የተመጠነ ሴት ነበሩ። በመጨረሻ ተነሥተው «ነገ ከሰዓት በኋላ አንድ የመጨረሻ ሙከራ አያለሁ» አሉ። «ካላለፈ ተፈታኞቹ በማግሥቱ ጎንደር ይላካሉ።»

አዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። በዚያ ሰሞን ከዳባት ወዲያ ያለው መንገድ ሲከፈት አይታወቅ፣ ሲዘጋ አይታወቅ ነበር። ትርንጎ ልጇን በአንቀልባ እንዳዘለች ከመቀመጫዋ ተነሥታ በቀጥታ እኔን አየችኝ። ዓይኔን ሰበርሁ።

ግቢ ስገባ ደጄ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«የኔታ፣ ነገሩን ያውቁታል አይደል?»

«አውቀዋለሁ።»

«ነገሯቸዋ!»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«እኔም ነበርሁ እኮ፤ አንዴ ሹክ ብለው ሲወጡ አይቻለሁ። ይህ መንገር ነው? እንደዚህማ ለንስሐ አባትም አይነገር!»

ልቆጣ ፈለግሁ፤ መቆጣትም መናገርን ይጠይቃልና ተውሁት። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ፣ ማለዳ ላይ ሕጌን ጥሼ አቶ ሞላ ቢሮ ገባሁ። ናሆምም እዚያው ነበር።

አንባብያን ሆይ፣ ለእነርሱ ያስረዳሁትን ለእናንተም ላስረዳ፤ አይከብድም። አንድ ትልቅ ማሽን በሆዱ ብዙ ምናባዊ ማሽኖች ይይዛል። ምናባዊ ማለት በአካል የሌለ፣ ግን እንዳለ ሆኖ የሚሠራ ማለት ነው። እያንዳንዱ የራሱ ሜሞሪ ያለው ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ከትልቁ ማሽን የተበደረው ነው። የትኛው የሜሞሪ ክፍል በእውን የት እንደሚገኝ የሚያመለክት ካርታ አለ። ፕሮሰሰሮቹ፣ ማለት ስሌቱን የሚሠሩት ክፍሎች፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይህንኑ ካርታ እያዩ ይሠራሉ። ተፈታኝ ሲበዛ ምናባዊው ማሽን ተጨማሪ ሜሞሪ ይጠይቃል፤ ካርታውም ይለወጣል። ሲለወጥ ግን አሮጌው መስመር ይነቀላል፣ ከዚያ አዲሱ ይተከላል። በመንቀሉና በመትከሉ መካከል፣ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ ለማይቆይ ጊዜ፣ በዚያ ቦታ በካርታው ላይ ምንም የለም። ሌላው ፕሮሰሰር በዚያች ቅጽበት ከመጣ ያርፍበት የነበረውን መሬት ያጣል፤ ማሽኑም ይሞታል። በዚያች ቅጽበት ማንም ካልመጣ ደግሞ ምንም አይሆንም። ሲፈልጉት የሚሰወረው ስለዚህ ነው።

አቶ ሞላ ግንባራቸውን አሹ። «የኔታ፣ በሰው ቋንቋ ይንገሩኝ።»

«ሬጅስትራሩ ከምድር ቤት ወደ ፎቅ ሲዛወር አሮጌው በር ማለዳ ታሸገ፤ የአዲሱ ቁልፍ ግን የተገኘው ከሰዓት በኋላ ነው። በመካከሉ የመጣ ተማሪ ምን አገኘ?»

ፊታቸው ቀላ። «ሬጅስትራሩን ያዛወርሁት እኔ ነኝ! ሊሰድቡኝ ነው የመጡ?»

ናሆም ሳቁን በሳል ሸፈነው። «ኧረ አቶ ሞላ፣ ምሳሌ ነው። ደግሞ የሚሉት ትክክል ሊሆን ይችላል።»

«ትክክል ከሆነማ ሜሞሪውን አስቀድመህ ሰጥተህ ተወዋ! ለምን ይለወጣል?»

«አይበቃም። ለአንዱ አስቀድሜ ስሰጥ ለሌላው አይደርሰውም። እኩሌታው ተፈታኝ ውጭ ይቀራል፤ ፈተናው ደግሞ ለሁሉም ባንድ ሰዓት ነው የሚጀምረው።»

«እሺ፤ ማን ነው የሚያስተካክለው?»

«እኔ» አልሁ። ናሆም ዘወር ብሎ አየኝ፤ ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር።

ምናባዊ ማሽኖቹን የሚመራው ሶፍትዌር ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ችግሩም በሙያው ባሉ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። እኛ ዘንድ የደረሰው ግን ያልታረመው አሮጌ ቅጂ ነበር። ናሆም አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሻርፑን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ እጁን እጀታው ውስጥ ሰብስቦ፣ እኔ የምጽፈውን ቃል በቃል ይከተላል። ያደረግሁት ቀላል ነበር፦ ካርታው ከመነቀሉ በፊት ለፕሮሰሰሮቹ ሁሉ «ቁሙ» የሚል ትእዛዝ እንዲደርሳቸው፣ ከተተከለ በኋላ «ቀጥሉ» እንዲባሉ አደረግሁ። በመካከሉ ደጋግሜ ፈተሽሁት፤ አልወደቀም።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ እያወቁ ነው ‹እየቀዘቀዘው› ብለው ዝም የሚሉኝ?» አለኝ ናሆም።

ተቆጣጣሪዋ በሰዓታቸው መጡ። ተፈታኞቹ ገቡ። ስክሪኑ በራ፤ ጥያቄው መጣ፤ ሜሞሪው ሰፋ፤ ማሽኑ ቆመ፣ ቀጠለ፤ እንደገና ሰፋ፣ ቀጠለ። አቶ ሞላ ወደ እኔ መጥተው እጄን ሊጨብጡ ሲዘረጉ፣ አዳራሹ «ወይኔ!» አለ። ስክሪኖቹ ደርቀው ነበር። የተዘረጋው እጅ ወደ ኪስ ተመለሰ።

«በቃ» አሉ ተቆጣጣሪዋ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት በተሻለኝ ነበር። «ለነገ መኪና ይዘጋጅ።»

«የኔታ» አሉኝ አቶ ሞላ፣ ሰው እየሰማ፣ «በዕድሜዎ አከብርዎታለሁ። ሌላ ጊዜ ግን የማያውቁትን አይንኩ።»

ወጥቼ ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ዝም ብዬ ሄድሁ። የተቆጨሁት በአቶ ሞላ ስድብ አይደለም፤ ምክንያቱን አውቄ፣ መድኃኒቱን አውቄ፣ በሽተኛው እጄ ላይ በመሞቱ ነው። የከተማው መጨረሻ ላይ አንድ ተሳቢ መኪና ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ቆሟል፤ ሹፌሩ ጎማውን በእግሩ እየመታ ይዞራል። ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ትርንጎ ነበረች፤ ሕፃኗ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች።

«ወዴት ነው?»

«ነፋስ ልቀበል።»

«ነፋሱማ እዚያም ነበረ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ላጽናናዎት አይደለም የመጣሁ። ምን አድርገው እንደ ነበረ ይንገሩኝ። ይችን ልጅ አዝዬ መንገድ የምወጣው በሱ ምክንያት ነውና ልወቀው።»

«ካርታው ሳይነቀል በፊት ሁሉም ፕሮሰሰሮች እንዲቆሙ አዘዝሁ።»

«እሺ። ቆሙ?»

«አዘዝኋቸው እኮ።»

«ማዘዝዎንማ ሰማሁ። መቆማቸውን አይተዋል?»

ዓይኔን ወደ ተሳቢው መኪና አዞርሁ።

«አይ የኔታ! ለካ ከማሽንም ጋር እንዲሁ ነዎት። ይናገሩና፣ የሰማ ይስማ ብለው ይወጣሉ።»

ያን ጊዜ፣ ከተሳቢው መኪና አጠገብ በነፋስ መካከል ቆሜ፣ ደረስጌ የማኅሌቱ ቦታ ላይ የነበርሁ መሰለኝ። የአቋቋም መምህራችን ቀኙንና ግራውን መደዳ ፊት ለፊት አቁመው፣ ከዝግታው ወደ ፈጣኑ ሊያሻግሩን ሲሹ እጃቸውን ያነሡ ነበር። እጃቸው እንደ ተነሣ ሁላችንም ዝም እንላለን። እሳቸው ግን አይጀምሩም። ዓይናቸውን ከቀኙ መደዳ ጫፍ እስከ ግራው ጫፍ እየጎተቱ ይመለከታሉ። አንድ ቀን እኔ ዘንድ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ። «ዝም ብያለሁ፣ የኔታ» አልኋቸው። «ዝም ማለት መቆም አይደለም» አሉኝ። «አፍህ ዝም ብሏል፤ እግርህ ገና ያሸበሽባል። መቋሚያህ መሬት ነክቶ እጅህ ሲያርፍበት ሳላይ አልሻገርም። እኔ ብሻገርና አንተ ባትቆም፣ ማኅሌቱን የምናፈርሰው ሁለታችን ነን።»

ነገሩ ይኸው ነበር። «ቁሙ» ባልሁ ጊዜ አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች ቆሙ። ነገር ግን አንዱ ትእዛዙ ሳይደርሰው አስቀድሞ ወደ ካርታው ገብቶ ሥራውን በመካከል ይዞ ሳለ፣ እኔ ያዘዝሁትን እንደ ተፈጸመ ቆጥሬ መስመሩን ከሥሩ ነቀልሁበት። ያልጠበቅሁት እኔ ነኝ።

«ትርንጎ» አልኋት፣ «ባጃጅ አስቁሚ።»

ኮሌጁ ስንደርስ አዳራሹ ገበያ ሆኖ ነበር። አቶ ሞላ በስልክ ስለ መኪና ይጮኻሉ፤ አንዱ ሠራተኛ ኬብል ይጠቀልላል፤ ናሆም ሰርቨሩን ሊያጠፋ ጎንበስ ብሏል፤ ተቆጣጣሪዋ ቦርሳቸውን ይዘጋሉ። በተለመደው ድምፄ «አንድ ጊዜ» አልሁ። የሰማኝ የለም። ዱሮ ቢሆን ተናግሬያለሁ ብዬ እመለስ ነበር።

«አቁሙ!»

ድምፁ ከየት እንደ ወጣ እኔም አላውቅም። ጉሮሮዬ ከዜማ ቤት ከወጣ ወዲህ እንዲህ ሠርቶ አያውቅም፤ የመስኮቱ መስታወት የተርገበገበ መሰለኝ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸጥታው ግን አላታለለኝም። አንድ በአንድ ተመለከትኋቸው።

«ናሆም፣ እጅህ የት ነው?»

«ማጥፊያው ላይ… አነሣሁት፣ ጋሼ።»

«አንተ፣ ኬብሉን?»

«አስቀመጥሁት፣ የኔታ።»

«አቶ ሞላ?»

«እኔ ምን አደረግሁ? ስልክ ነው የያዝሁ!»

«ስልኩስ?»

አቶ ሞላ ስልኩን አዩት፤ ከውስጡ «ሃሎ? ስንት መኪና?» የሚል ድምፅ ይሰማል። ዘጉት። «ይኸው። እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። ይበቃዎታል?»

ከተማሪዎቹ ወገን ሳቅ አመለጠ። አልሳቅሁም። ተቆጣጣሪዋን አየኋቸው፤ ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀምጠው እጃቸውን አጣጥፈውበታል።

«የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ አግኝቼዋለሁ» አልሁ። «ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ማንም ምንም ሳይነካ ይሰጠኝ። ሁለተኛ ልለምን አልመጣም ልል ነበር፤ ግን ሁለተኛም ሦስተኛም እለምናለሁ። ሰምተውኛል?»

«ሰምቻለሁ» አሉ ተቆጣጣሪዋ። «ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ።»

በደጃፉ የኮሌጁ ዘበኛ ቆመ፤ እኔና ናሆም ብቻ ውስጥ ቀረን። አሁን የጻፍሁት ከትእዛዙ ይልቅ ስለ መልሱ ነበር። አዲስ ሰው ወደ ካርታው እንዳይገባ በሩ ይዘጋ፤ አስቀድሞ የገባው ሥራውን ጨርሶ ይውጣ፤ ሲወጣም መውጣቱን ያሳውቅ፤ ሁሉም «ቆሜያለሁ» ሳይል አንድም መስመር አይነቀል፤ ከዚያ የሚነቀለው ተነቅሎ የሚተከለው ሁሉ ተተክሎ ካለቀ በኋላ ብቻ በሩ ይከፈት። ለውጡን የሚያይ ሁሉ ወይ አሮጌውን ሙሉውን ይይ፣ ወይ አዲሱን ሙሉውን ይይ፤ ግማሹን ማንም አይይ። የእያንዳንዱ ፕሮሰሰር መልስ በናሆም ስክሪን ላይ እንዲጻፍም አደረግሁ፤ ማሽን ቸኩሎ ያልፈዋል፣ እኔ ግን ማየት ነበረብኝ።

«ጋሼ፣ ይህ ግን ያዘገየዋል» አለ ናሆም።

«ያዘግየው። የዘገየ ይደርሳል።»

ተፈታኞቹ ተመልሰው ገቡ። ትርንጎ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። «ግቡ» ተባለ። ሜሞሪው ሊሰፋ ጥያቄ መጣ፤ በናሆም ስክሪን ላይ መልሶቹ ተራ በተራ ይወርዱ ጀመር። ቆሜያለሁ። ቆሜያለሁ። ቆሜያለሁ። አንዱ ግን ቀረ። ናሆም ጣቱን በቀረው ቦታ ላይ አኖረ፤ እኔም ቅድም የገደለን ይኸው ነው ብዬ አሰብሁ። አቶ ሞላ ከኋላችን «ምን ሆነ? ቆመ እንዴ? እናስነሣው?» አሉ።

«አይነካም» አልሁ። «እንጠብቀው።»

የቀረው መልስ መጣ። ካርታው ተለወጠ፤ በሩ ተከፈተ፤ ሁሉም ቀጠሉ። ከአዳራሹ ውስጥ ይህን ያወቀ አንድም ተፈታኝ የለም። ለእነርሱ የሆነ ነገር የለምና፤ የተፈለገውም ይኸው ነበር። ተቆጣጣሪዋ ደግመው ደጋግመው አስገቡ፣ አስወጡ። ማሽኑ አልሞተም። ፀሐይዋ በመስኮቱ በኩል ስታዘቀዝቅ ቦርሳቸውን አንሥተው «ፈተናው እዚሁ ይሰጣል» አሉ። ትርንጎ እልል አላለችም። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

የፈተናው ቀን ሕፃኗን የያዝኋት እኔ ነበርሁ። አዳራሹ ደጃፍ፣ ፀሐይ ላይ፣ አንዲት የሰው ልጅ ጉልበቴ ላይ ተኝታ ሳለ፣ ውስጡ ያለው ማሽን በየአፍታው እየቆመና እየቀጠለ እናቷን ወደ ተፈለገችበት እያሻገራት ነበር። ትርንጎ አለፈች። ዛሬ በመንደሯ ጤና ጣቢያ ሕፃናትን ትቀበላለች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ባማረ። ፈተናው ሲጠናቀቅ አቶ ሞላ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው የምስጋና ንግግር አደረጉ። «ችግራችን የኃይል መቆራረጥ እንደ ነበር ታውቃላችሁ» አሉ። «አዲሱን ጀኔሬተር ለሰጡን ሁሉ ምስጋናችን የላቀ ነው።» ጭብጨባ ሆነ። ናሆም ወደ እኔ ዞሮ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። ሕጌ ግን ከዚያች ሊማሊሞ ዳር አብራኝ አልተመለሰችምና ተነሣሁ።

«አቶ ሞላ፣ ጀኔሬተሩ አይደለም።»

«የኔታ፣ በኋላ እንመለስበታለን።»

«አሁን እንመለስበት። አሮጌው ከመነቀሉ በፊት የሚሠራበት ሁሉ መቆሙ አልተረጋገጠም ነበር፤ ችግሩ ይህ ነው። ሰምተውኛል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን አልሁ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አቶ ሞላ ተቆጡ፣ ወዲያው ደግሞ ራሳቸውም ፈገግ አሉ። «ያው የሬጅስትራሩን ነገር ነዋ! እሺ የኔታ፤ ቁልፉን አስቀድመን እንይዛለን።»

ወደ በላይ የተላከው ሪፖርት ግን ዛሬም ስለ ጀኔሬተር ነው የሚለው። በዚህ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ቢሮአቸው ሄጃለሁ፤ አራተኛም እሄዳለሁ። ሲያዩኝ «መጡ ደግሞ» ይላሉ። ይበሉ።

አንባብያን ሆይ፣ ለብዙ ዘመን ዝምታዬን እንደ ትዕግሥት ቆጥሬው ኖርሁ። ያች ዕለት ያሳየችኝ ሌላ ነው፤ ትዕግሥት ከተናገሩ በኋላ የሚመጣው ነው፤ መልሱ እስኪደርስ ቆሞ መጠበቅ። በአገራችን ብዙ ነገር ሲነቀል ታያላችሁ፤ ሥራው ይነቀላል፣ ደንቡ ይነቀላል፣ ሰውም ከቦታው ይነቀላል። አዲሱ ይተከላል ይባላል፤ ይተከልም ይሆናል። በመካከሏ ባለችው ቅጽበት የምትመጣ አንዲት ትርንጎ ግን ሁልጊዜ አለች፤ ሕፃኗን አዝላ። ነቃዮቹ ከመንቀላቸው በፊት ቀኙንና ግራውን እስከ ጫፉ ይዩ፤ ከእኛም ወገን አዋቂ ነኝ የሚል ሁሉ አንድ ጊዜ ሹክ ብሎ አይውጣ።

ይህን ብዬ ብዕሬን ባኖር ደስ ባለኝ። ግን እንደ ዱሮው ተናግሬ መውጣት ሊሆንብኝ ነው። ስለዚህ እዚሁ ነኝ፤ እጄን አንሥቼ፣ የእናንተም መቋሚያ መሬት እስኪነካ አያለሁ።